ጊደሯ የተከሳሽ ድርሻ ናት

ክስ መጻፍ የተማርኩት ወረታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ካለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። ዳሷ የአጎቴ ናት። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ድጓና ቅኔ ተምረው፣ ብዙ ዘመን ለደብር ልጆች ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው፣ ኋላ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኑ። ሰዉ ዛሬም «የኔታ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደ ሰዉ።

ባለፈው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ስለሆነ ከቀትር በኋላ ወደ ዳሷ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት በጥቅምት ነው፤ የኔታ ራሳቸው አስጠርተውኝ። ጥቅምት ለማመልከቻ ጸሐፊ እንደ አጨዳ ወቅት ነው። የፎገራ ሜዳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይተኛበታል። ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ከጣና ጋር ሲገናኙ ሰዉ በየጎጆው ታግቶ ጠቡን ሲያሰላስል ይከርማል። ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃው ገና ሳይጠና፣ ያሰላሰለውን ሁሉ ተሸክሞ ወረታ ይመጣል። ወሰኑ የተገፋበት፣ በሬው የተነዳበት፣ ከባሏ ተፋትታ ማሰሮዋን ሳይቀር የተከለከለች፣ ሁሉም ባንድ ሰሞን ነው የሚደርሰው። የኔታ የራሳቸው እጅ አልበቃ ሲላቸው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ትዝ አላቸው።

«ሴት ልጅ ክስ ስትጽፍ አይቼ አላውቅም» አለ የመጀመሪያው ባለጉዳይ፣ ከእግር እስከ ራሴ እያየኝ።

«ክስህን ነው የምትጽፍልህ፤ በሬህን አትጠምድልህም» አሉት የኔታ። ተቀመጠ።

ምን እንደምሠራ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የሕግ ተማሪ ነኝ» እላለሁ። አዲስ አበባ የሕግ ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን እደርስበታለሁ ብዬም አስባለሁ። እስከዚያው የእኔ ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የካርቦን ወረቀት፣ ደግሞም የኔታ ጎንደር ሄደው ገዝተው ያመጡት አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነበረው። መጽሐፉን እንደ ዳዊታቸው በማኅደር ነው የሚያኖሩት። ሳነበው እጄን ታጥቤ ነው።

የመጀመሪያ ክሴን የጻፍኩት ወሰኔ ተገፋ ላለ ገበሬ ነው። በትምህርት ቤት ድርሰት ላይ ማንም አይደርስብኝም፤ ስለዚህ የምችለውን ሁሉ አፈሰስኩበት። «ፀሐይ ከተራራው ራስ ላይ ብቅ ስትል፣ የሜዳው ጤዛ እንደ ዕንቁ ሲያበራ፣ ያ ጨካኝ ሰው ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ ከሳሽ ማሳ ገባ» ብዬ ጀመርኩ። የኔታ ጮክ ብለሽ አንብቢ አሉኝ። አነበብኩ።

«ፀሐይዋ ከሳሽ ናት ተከሳሽ?» አሉኝ።

«ምስክር ናት፣ የኔታ።»

«እንግዲያው አድራሻዋን ጻፊ፣ መጥሪያ ይሂድላት።»

ባለጉዳዩ ሳይቀር ሳቀብኝ። ፀሐይዋን ሰረዝኩ፤ ጤዛውንም። «ጨካኝ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እንቢ አለ፤ ሰውዬው እውነትም ጨካኝ ነበራ።

«ጨካኝነቱን ዳኛው ይየው» አሉ የኔታ። «አንቺ ያደረገውን ብቻ ጻፊ። የትኛውን ወሰን፣ መቼ፣ በስንት ክንድ ገፋ?»

ያን ቀን ነገሩ ገባኝ፤ ከገባኝ ወዲያ ደግሞ ጣፈጠኝ። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ቀጥሎ ከሳሽና ተከሳሽ ከነአድራሻቸው፣ ከዚያ የሆነው ነገር በየአንቀጹ፣ አንዱ አንቀጽ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ። አንድ ሰው መጥቶ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ፣ እያለቀሰ፣ እየማለ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያወራል። እኔ ዝም ብዬ እሰማውና ስድስት አንቀጽ አድርጌ ሳነብለት «አዎን፣ እንዲህ ነው የሆነው» ይላል። ይህን ቃል ስሰማ የሚሰማኝን ደስታ በድርሰት አሥር ከአሥር ሳገኝ እንኳ አላውቀውም። ትምህርት በሌለ ቀን ችሎት ገብቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። ዳኛው ምን እንደሚጠይቁ እሰማና ያን ጥያቄ አስቀድሜ በወረቀቱ ላይ እመልሰዋለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የኔታ የእኔን ክስ ሲያነቡ እርሳስ መያዝ ተዉ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተስማማንም። የክስ መጨረሻው ዳኝነት የሚጠየቅበት ቦታ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያደርግልህ እንደምትፈልግ ቁርጡን የምትናገርበት። ያልተጠየቀውን ዳኛ አይሰጥም። የኔታ ከዚህ ተነሥተው «አብዝተሽ ጠይቂ፤ መቀነስ የዳኛው ሥራ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ጥጋብ ይመስልብናል ባይ ነኝ። ግን እሳቸው መምህር፣ እኔ ተማሪ፤ እንዳሉኝ እጽፍ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ አንዲት እናት ከጣራ ገዳም ግርጌ በእግር መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያጠበቁ ሴት ናቸው። ውሃ ሰጠኋቸውና ቅደም ተከተሉን እየጠየቅሁ አስወራኋቸው። ነገሩ የርቢ ላም ነው። የእሳቸው አገር ድንጋይ ነው፣ ግጦሽ የለውም። ሜዳው ላይ ደግሞ ሣር እስከ ጉልበት ነው። ስለዚህ ባለላሙ ላሟን ለሜዳ ሰው በርቢ ይሰጣል። ወተቱና ቅቤው የአርቢው ነው፤ ጥጃ በየተራ ነው፤ የመጀመሪያው ለባለላሙ፣ ቀጣዩ ለአርቢው። እናትየዋ ላም ግን ምንጊዜም የባለቤቷ ናት። የሴትዮዋ ባል በሕይወት ሳሉ አንዲት ላም ሜዳው ላይ፣ ቁሐር ሚካኤል ለሚኖር ሰው እንዲህ ሰጡ። ባልየው ሲሞቱ ሰውዬው «ላሟን እኮ ሸጦልኛል» ብሎ ካደ።

«ምስክር አለ?» አልኳቸው።

«ሁለት ነበሩ። አንዱ ሞተ። አንዱ ‹ላሟን ሲቀበል አይቻለሁ፣ በግዢ ይሁን በርቢ አላስታውስም› አለኝ። ጎረቤቱ ነዋ፣ ምን ይበል።»

የኔታ ከወዲያ ሆነው በረጅሙ ተነፈሱ።

ሴትዮዋ የሚፈልጉት ከሁሉ በላይ ወይፈኑን ነበር፤ ላሟ መጀመሪያ የወለደችውን። መሬታቸውን ሌላ ሰው በእኩል ያርሰዋል፤ አዝመራው ሲወቃ እኩሌታው ከዚያው ከአውድማ ይሄዳል። «ልጄ ለማረስ ደርሷል። አንድ በሬ ካለኝ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርስልኛል። ዘንድሮ ካላገኘሁት መሬቱን ለከርሞም አሳልፌ እሰጣለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እኔ ግን ብዕሬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«እና ለምን እዚያው አገሬ አልከሰውም?» አሉኝ።

«ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ ባለበት አገር ነው፣ እትየ።»

«እሱ ከብት ወስዶ፣ መንገድ የምሄድ ደግሞ እኔ?»

«ሕጉ እንዲያ ይላል።»

«ሕጉ እግር የለውማ» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ጠጠሩን አራገፉ።

እንደ የኔታ ደንብ ጻፍኩት። ላሟ ከሦስቱም ጥጃዎቿ ጋር፣ ማለትም ወይፈኑ፣ ጊደሯና ገና የሚጠባው፣ ለከሳሽ ይመለሱ። የኔታ አንብበው ወደዱት። ለሴትዮዋ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። መጨረሻ ላይ «ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል አለ፤ አዲሱ ሕግ ግድ ይላል። ቀለሙን አቀረብኩላቸው። አውራ ጣታቸውን ጨብጠው ያዙ።

«ይሄ የመጨረሻው ምንድን ነው?»

«እውነት ነው ብለው የሚያረጋግጡበት ነው።»

«መሐላ ነው?»

«እንደ መሐላ ነው» አሉ የኔታ።

«እንግዲያው አልፈርምም። ጊደሯ የእኔ አይደለችም፤ የእሱ ተራ ናት።»

«ሁሉንም ወስዶብሽ የለም ወይ?» አሉ የኔታ። «ዳኛው ይቀንሳት የለም?»

«እሱ ቢክድ እኔም ልካድ? በሚካኤል ደጅ በሚኖር ሰው ላይ ነው እኮ የምምለው። ጊደሯን አውጧትና እፈርማለሁ።»

የኔታ አባበሏቸው፤ ስለ ዳኝነት አጠያየቅ አስረዷቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ውጭ ጥላ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ወረቀቱን ካልለወጥን እንደማይመለሱ ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል።

«በይ ጊደሯን ሰርዥ» አሉኝ የኔታ።

«አልሰርዛትም» አልኩ። እንዲህ ብዬ ለየኔታ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው። «ለብቻዋ አንቀጽ እጽፍላታለሁ፤ የእሱ ናት ብዬ።»

«ለተከሳሽ ጠበቃ ልትቆሚለት ነው?»

«የኔታ፣ ላሟ ሦስት ወልዳለች። ሁለት ብቻ ብንጠይቅ ዳኛው ‹ሦስተኛዋስ?› ማለታቸው አይቀርም። ተራ የሚባል ነገር ያለው ርቢ ላይ ብቻ ነው። ጊደሯ የእሱ ናት ስንል የቀሩት ለምን የእኛ እንደሆኑ አብረን ተናገርን ማለት ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ አደረጉት፤ እንደገና አወለቁት።

«ጻፊ» አሉ በመጨረሻ። «ከተበላሸ ግን እኔ አላነበብኩትም።»

አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦ «በርቢው ውል መሠረት ሁለተኛዋ ጊደር የተከሳሽ ድርሻ ናት፤ ከሳሽ በእርሷ ላይ ዳኝነት አትጠይቅም።» አምስተኛው ደግሞ፦ «ሦስተኛው ጥጃ የከሳሽ ተራ ስለሆነ ለከሳሽ ይገባል።» ሴትዮዋ አራተኛውን ደግመሽ አንብቢልኝ አሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

መዝገብ ቤት ስወስደው ሬጅስትራሩ መለሰብኝ። ላሟን በመልኳ ብቻ «ቡሬ ላም» ብዬ ነበር የጻፍኳት።

«ፎገራ ላይ ቡሬ ያልሆነ ላም አለ ወይ? ፈራጁ ‹ላሟን አስረክብ› ቢል የትኛዋን ሊነዱ ነው?»

እውነቱን ነው። ሮጬ ወጣሁና ሴትዮዋን ጠየቅኋቸው፤ «ግንባሯ ነጭ፣ ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ» የሚል ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ የከብት ክስ ስጽፍ መጀመሪያ የምጠይቀው ጆሮ ነው።

መጥሪያው ሄደ። ያደረሰው የፍርድ ቤቱ ተላላኪ ቁሐር ሚካኤል ደርሶ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። «እናንተ በቀለም ትጽፋላችሁ፣ እኔ በእግሬ አነበዋለሁ» አለን። የተከሳሹም መልስ በቀጠሮው ገባ። ከኛ ማዶ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው የጻፈለት፦ ላሟን ከሟች ባለቤቷ ገዝቻለሁ፤ ርቢ የሚባል ውል አልነበረም። ሌላ የለበትም።

«አጭር ናት» አሉ የኔታ። «አጭር ነገር መያዣ የለውም። ማስረዳት የእኛ ፋንታ ነው፤ ያለን ደግሞ አንድ የሚረሳ ምስክር።»

ጉዳዩ የሚሰማበት ቀን በታኅሣሥ ከቀትር በኋላ ሆነልኝ። የኔታና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ሴትዮዋ በአንድ ወገን ቆሙ፤ ተከሳሹ በሌላ። ተከሳሹ ደህና ጋቢ የለበሰ፣ ዕድሜው አርባ የሚሆን፣ ከብት አዋቂነቱ ከአቋቋሙ የሚታይ ሰው ነው። ዳኛው ወጣት ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ክሴን ከፊታቸው ዘርግተው በየአንቀጹ እያነበቡ ተከሳሹን ይጠይቁታል። የራሴን ዐረፍተ ነገር በዳኛ አፍ ስሰማ ጉንጬ ጋለ፤ ግን አልደበቅሁም፣ ቀና ብዬ ሰማሁ።

ላሟን በርቢ ተቀብለሃል? አልተቀበልኩም፣ ገዛሁ። ውሉን ሁለት ሰዎች አይተዋል? አላዩም። ላሟ ሦስት ጥጃ ወልዳለች? አዎን፣ እኔ ዘንድ አሉ፣ አልካድኩም። አራተኛው ሲነበብ ተከሳሹ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ አየ። ጊደሯ የእሱ መሆኗን እሳቸው ራሳቸው እንዳመኑ ሲሰማ ትከሻው ዝቅ አለ፤ የበረደው ሰው እሳት ሲያገኝ እንደሚሆነው። ዳኛው ወደ አምስተኛው አለፉ።

«ሦስተኛው ጥጃ የከሳሽ ተራ ስለሆነ—»

«ይቺማ ልክ አይደለችም፣ ጌታዬ» አለ ተከሳሹ።

«የቷ?»

«ሦስተኛው የእሷ ተራ ነው የምትለው። ከጊደሯ ቀጥሎ የሞተ አለ። የሞተው በእሷ ተራ ነው የሚቆጠረው። የሚጠባው ታዲያ የእኔ ነው የሚሆን። ተራ አዛብቶ በላ እንዳልባል፣ ቆዳውን ቤቴ ሰቅዬ አስቀምጬላታለሁ።»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ገበሬ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በኛ አገር የርቢ ጥጃ የሞተበት አርቢ ቆዳውን ለባለላሙ ያሳያል፤ ያለዚያ አርዶ በላው ይባላል። የራሱ ላም ጥጃ የሞተበት ሰው ግን ቆዳውን የሚያሳየው ሰው የለውም፤ አልፍቶ ይተኛበታል።

«ቆዳውን ለማን ነው ያስቀመጥከው?» አሉ ዳኛው፣ እንደ ቅድሙ በዝግታ።

«ለባለላሟ ነዋ።»

ከተናገረው በኋላ ነው የሰማው። አፉን ከፈተ፣ «ማለቴ» አለ፣ መልሶ ገጠመው። ዳኛው ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው «ጻፍ» አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ያን «ጻፍ» የሚያህል የለም።

ኋላ አሰብኩበት። ሰውዬው ላም ካደ መባልን ችሎ ነበር፤ ሰው ይዋሻል፣ ይጣላል። ተራ የሚያዛባ አርቢ ነው መባልን ግን አልቻለም። ያ ስም ከወጣበት ከእንግዲህ ማንም ባለላም ላሙን በርቢ አይሰጠውም። ጊደሯን ደግሞ አንዴ በተራው አግኝቷታል፤ ተራውን ይዞ መቁጠሩን መተው አቃተው።

ዳኛው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «የሞተ ጥጃ እንደነበረ ያውቃሉ?»

«አልነገረኝም። ቆዳው ካለ ግን እውነቱን ነው፤ የሚጠባው ተራው ነው።»

የኔታ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ይቺ ሴት ክሳችንን በልታ ልትጨርሰው ነው» አሉኝ በጆሮዬ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ።

ፍርዱ በዚያው ሳምንት ተነበበ። ላሟና ወይፈኑ ለከሳሽ፤ ጊደሯና የሚጠባው ለተከሳሽ። ግንባሯ ነጭ፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ የሚለውም አልቀረም። ጥጃው ወተት እስኪተው ከእናቱ ጋር እንዲሄድ ተዋዋዮቹ ተስማምተው ጽፈው ያምጡ ተባለ። ስንወጣ ተከሳሹ ማዶ ወዳለው ጸሐፊ ይሄዳል ብዬ ሳስብ በቀጥታ ወደ ዳሳችን መጣ። እፊቴ ቆሞ ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን አየ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያን ስለ ጊደሯ የሚለውንም?»

«እሱንም።»

«እሱ ነው ያናገረኝ» አለ። የተቆጣ ግን አልመሰለኝም። «እንግዲህ የጥጃውንም እንዲያው አድርገሽ ጻፊው፤ ተራዬ እንዳይጠፋ።»

የኔታ ወንበር ሳቡለት። ሴትዮዋም መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። ካርቦኑን አስገብቼ ጻፍኩ፤ ጥጃው ማን ጋ ይከርማል፣ ወተት ሲተው ማን ይመልሰዋል። «ከዚያ በፊት ቢሞትስ?» ብዬ ስጠይቅ ሁለቱም ባንድ አፍ «ቆዳው ይታያል» አሉኝ። ጻፍኩት። ሁለት አውራ ጣት ጎን ለጎን አረፈበት።

ከብቶቹን ያስረከበው በቀጣዩ የገበያ ቀን ከከተማው ዳር ነው፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረስኩ። ላሟ ጥጃዋን እያየች ቆማለች። ወይፈኑ ከጠበቅሁት በላይ ትልቅ ነው፤ ሴትዮዋ አንገቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ ፀጉሩ ሳሳ ያለበትን ቦታ አገኙ።

«ጠምደኸዋል ማለት ነው» አሉት።

«ዘንድሮ አለማምጄዋለሁ። ይስባል» አለ ተከሳሹ። ከዚያ ገመዱን እያቀበላቸው «በግራ ጥመዱት» አለ። «በቀኝ ከሆነ ይተኛል፤ ብትገርፉትም አይነሣ። በግራ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ጻፊልኝ፣ ልጄ።»

«ይሄ እኮ ለፍርድ ቤት አይሆንም፣ እትየ።»

«ለልጄ ነው። ፊደል ቆጥሯል፤ በቃል ከነገርኩት ይረሳዋል።»

ከደብተሬ ቁራጭ ቀደድኩና «በግራ ይጠመዳል» ብዬ ጻፍኩላቸው። ከሳሽ የለበት፣ ተከሳሽ የለበት። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና የወይፈኑን ገመድ ይዘው ሽቅብ ወደ ድንጋዩ አገር መንገዱን ጀመሩ። ላሟ ተከተለቻቸው፤ ጥጃው እሷን ተከተለ።